የጆርጂያ ድንጋይ፣ የሚኒሶታ ደጅ

በጁን 27 ቀን 2025 በሚኒሶታ ግዛት ዋና ከተማ በሴይንት ፖል፣ በግዛቱ ምክር ቤት ሕንፃ ጉልላት ሥር ሁለት አስከሬኖች ለሕዝብ ስንብት ተቀመጡ። የቀድሞዋ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሜሊሳ ሆርትማንና ባለቤታቸው ማርክ ከሁለት ሳምንት በፊት በገዛ ቤታቸው በጥይት ተገድለው ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተሰልፈው ገቡ፤ በሬሳ ሳጥኖቹ ፊት አልፈው ወጡ። በዚያ ሕንፃ እንዲህ ያለ ክብር ያገኙ የመጀመሪያዋ ሴት እኚህ አፈ ጉባኤ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሐዘኑን ተከትሎ የበሩ ጥያቄ መጣ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ማንኛውም ሰው ሳይፈተሽ ወደ ሕንፃው ይገባ ነበር። የጦር መሣሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ሽጉጡን እንደታጠቀ ቢገባም ሕጉ አይከለክለውም ነበር። ከግድያው በኋላ በየመግቢያው የብረት መፈተሻ ይተከል የሚለው ሐሳብ እንደገና ተነሣ። አንዱ ወገን የእንደራሴዎቹ ደኅንነት ይቀድማል አለ፤ ሌላው የሕዝብ ቤት በፍተሻ መዘጋት የለበትም አለ።

ነገሩ የፖሊስ ጉዳይ ይመስላል። እኔ ግን በመጀመሪያ የኪነ ሕንፃ ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ። ያ ቤት ከታነጸ ጀምሮ ሲያከራክር የኖረው አንድ ጥያቄ ነው፤ ቤቱ የማን ነው? መጀመሪያ ክርክሩ በድንጋዩ ላይ ነበር። ቀጥሎ በግድግዳው ሥዕሎች ላይ ሆነ። አሁን በሩ ላይ ደርሷል።

እኛ ደጅ መጥናት ምን እንደሆነ እናውቃለን። የመንግሥት ቤት ማለት ለብዙዎቻችን ዘበኛው፣ መታወቂያው፣ «ማንን ፈልገህ ነው?» የሚለው ጥያቄና ከውጭ ያለው አግዳሚ ወንበር ነው። ወደዚያ ሕንፃ መጀመሪያ የገባሁ ዕለት የገረመኝም ወርቁና እምነ በረዱ ሳይሆን ወዴት ነህ የሚል ሰው መጥፋቱ ነበር። ደረጃውን ወጣሁ፣ ከባዱን መዝጊያ ገፋሁ፣ ቀና ስል ጉልላቱ ሥር ቆሜአለሁ። ሕንፃውን የነደፈው ሰው አንድ መንገደኛ እንዲህ እንዲሰማው አስቦ እንደነበር የተረዳሁት ታሪኩን ካጠናሁ በኋላ ነው።

የአሁኑ ሕንፃ ሦስተኛው ነው። የመጀመሪያው በማርች 1 ቀን 1881 ምሽት ምክር ቤቱ በስብሰባ ላይ እያለ ተቃጠለ። በምትኩ በጥድፊያ የተሠራው ሁለተኛው ገና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጠበበ፤ አየሩም የታፈነ ነበር። በ1893 አዲስ ሕንፃ እንዲሠራ ሕግ ወጣና ሥራውን የሚመራ ቦርድ ተቋቋመ። ቦርዱን በተግባር የመራው ቻኒንግ ሲበሪ የተባለ የሴይንት ፖል የሸቀጣ ሸቀጥ ጅምላ ነጋዴ ነበር። የኪነ ሕንፃ ትምህርት ያልነበረው ይህ ሰው ከአሥር ዓመት በላይ ሥራውን በጽናት ይዞ ከዳር አድርሶታል። የመጀመሪያው የንድፍ ውድድር የታሰበው ክፍያ አነስተኛ በመሆኑ ስመ ጥር አርክቴክቶች ስለራቁት ከሸፈ። በሁለተኛው 41 ንድፎች ቀረቡ፤ በኦክቶበር 1895 ካስ ጊልበርት አሸነፈ። ዕድሜው 35 ነበር።

ጊልበርት በሴይንት ፖል ያደገ፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተማረና በኒው ዮርክ በዘመኑ በታወቀው የማኪም፣ ሚድና ኋይት ቢሮ የሠራ ሰው ነው። የትውልዱን መንፈስ የወሰነው ደግሞ የ1893ቱ የቺካጎ ዓለም አቀፍ ትርኢት ነበር። በሐይቁ ዳር የተገጠገጡት ግዙፍ ነጭ አዳራሾች የሮምንና የሕዳሴውን ዘመን ኢጣሊያ የሚያስታውሱ ነበሩ፤ ሚሊዮኖች አይተው ተደንቀዋል። አዳራሾቹ ግን በአብዛኛው ከጂፕሰምና ከቃጫ የተለሰኑ ጊዜያዊ ሥራዎች ስለነበሩ ትርኢቱ ሲያበቃ ፈረሱ። ጊልበርት የፈለገው ያንን ነጭነት በማይፈርስ ድንጋይ መድገም ነበር። ጠቡ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ሚኒሶታ የድንጋይ ደሀ አይደለችም። በሴይንት ክላውድ አካባቢ ዛሬም የታወቀ ግራናይት አለ፤ በካሶታ ቢጫ የኖራ ድንጋይ ይወጣል። የካባ ባለቤቶችና የሠራተኛ ማኅበራት የግዛቱ ገንዘብ በግዛቱ ድንጋይ ላይ መዋል አለበት ብለው ተነሡ። ጊልበርት ግን ዓይኑን የጣለው በጆርጂያ ነጭ እምነ በረድ ላይ ነበር። ግራናይት ሕንፃውን ያጨልመዋል፣ ለመቅረጽም ይከብዳል፣ ወጪውንም ያንረዋል የሚል ነበር ክርክሩ።

ክርክሩ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። ጆርጂያ ግን ከ30 ዓመት ብዙም በማይበልጥ ጊዜ በፊት ባርነትን ለማቆየት ከተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች አንዷ ናት። የመጀመሪያው የሚኒሶታ ክፍለ ጦር በ1863 በጌቲስበርግ ጦርነት ላይ አብዛኛውን ሰዉን ያጣ ነው። ከዚያ ጦርነት የተረፉት አርበኞች በ1897 ገና በሕይወት ነበሩ። ወንድሞቻችንን ከገደለ ምድር በወጣ ድንጋይ የራሳችንን ምክር ቤት ልንሠራ ነውን? ብለው ጠየቁ። ይህን ጥያቄ በከንቱ ስሜታዊነት መዝገብ ውስጥ የሚያስገቡ ሰዎች አሉ። እኔ በጣም እረዳዋለሁ። አባቶቻችን ስለ ኮረብታና ስለ ወንዝ ያላቸው ስሜት እንዲሁ ነው፤ ድንጋይ የወጣበትን ቦታ ይዞ ይሄዳል።

ቦርዱ ያገኘው መፍትሔ ብልህነት ያለበት ነው። መሠረቱ፣ ደረጃዎቹና እርከኖቹ በሴይንት ክላውድ ግራናይት ይሠሩ፤ ከዚያ በላይ ያለው ግድግዳና ጉልላቱ በጆርጂያ እምነ በረድ ይሁን። እምነ በረዱ ግን ተጠርቦ አይመጣም። ጥሬ ድንጋዩ በባቡር ተጭኖ ይመጣና እዚያው ግንባታው ቦታ ላይ በሚኒሶታ ሠራተኞች መሮ ይጠረባል። በዚህ መንገድ ድንጋዩ የጆርጂያ ቢሆንም የእጁ ሥራ፣ ደመወዙም የአገሬው ሆነ። ሕንፃውን በሩቅ የሚያይ ሰው ነጭነቱን ብቻ ያያል። ወደ ደረጃው የሚቀርብ ሰው ደግሞ ከታች ግራጫ ግራናይት፣ ከላይ ነጭ እምነ በረድ ሲገናኙ ያገኛል። ያ መጋጠሚያ የተፈረመ እርቅ ነው፤ ከሕንፃው ክፍሎች ሁሉ አብልጬ የምወደውም እርሱን ነው።

ከጠራቢዎቹና ከግንበኞቹ መካከል ካሲቪል ቡላርድ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ይገኝበታል። ከደቡብ መጥቶ በዚህ ሥራ ላይ ተሰማራ፤ በሴይንት ፖልም ቤት ሠርቶ ቀረ። የራሱ መኖሪያ ዛሬ በብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ ሰፍሯል። በግንባታው ላይ ሕይወታቸውን ያጡ ሠራተኞችም ነበሩ። የአብዛኞቹ ስም በዘመኑ ከታተሙት የምስጋና ጽሑፎች ውስጥ አልገባም፤ የገባው የአርክቴክቱና የቦርዱ አባላት ስም ነው።

ቁፋሮው የተጀመረው በሜይ 1896፣ ማለት የአድዋ ድል ከተገኘ ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ነው። ሕንፃው በጃንዋሪ 2 ቀን 1905 ተከፈተ። መሬቱና የውስጥ ዕቃው ጭምር ወጪው 4.5 ሚሊዮን ዶላር ሆነ። ጉልላቱ በሮም ያለውን የቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት ምሳሌ አድርጎ የተሠራ ሲሆን ከመሬት እስከ ጫፉ 68 ሜትር ያህል ነው። ከታች ሆኖ የሚያይ ሰው አንድ ጉልላት ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ሦስት ናቸው። በውጭ የሚታየው የእምነ በረዱ ነው። ከውስጥ ቀና ብለን የምናየው ሥዕልና ጌጥ ያለበት ሌላ ነው። በሁለቱ መካከል ከጡብና ከብረት የተሠራ፣ ማንም የማያየው ሾጣጣ አለ። እምነ በረድ በመጋጠሚያው ውኃ ማስገባቱ እንደማይቀር ጊልበርት ስላወቀ መካከለኛው ውኃውን እንዲይዝለት ነበር ያሰበው።

ውስጡ የሚኒሶታ ነው። የካሶታ ድንጋይ በየኮሪደሩ ሞቅ ያለ ብርሃን ይሰጣል። የዓምዶቹ ራስ ላይ የግሪክ ቅጠል ብቻ ሳይሆን የግዛቱ አበባ የሆነችው የዱር ኦርኪድ ተቀርጻለች። በጉልላቱ ሥር ባለው ወለል ላይ የሰሜን ኮከብ አለ። በውጭ ከደቡቡ ግንባር በላይ በወርቅ የተለበጡ አራት ፈረሶች ሠረገላ ይጎትታሉ፤ ይህን የሠሩት ኋላ በዋሽንግተን የተቀመጠውን የሊንከን ሐውልት የቀረጸው ዳንኤል ቼስተር ፍሬንችና ባልደረባው ኤድዋርድ ፖተር ናቸው። ስለ ጌጡ ብዙ መጻፍ ይቻላል፤ የሚያከራክረኝ ነገር ስለሌለው አልፈዋለሁ።

በምድር ቤቱ ያለውን የመመገቢያ አዳራሽ ግን ማለፍ አልችልም። ጊልበርት በዘመኑ ከነበሩት የግዛቱ ነዋሪዎች ብዙዎቹ የጀርመን ስደተኞች መሆናቸውን አስቦ ግድግዳውንና ቅስቶቹን በጀርመንኛ አባባሎች አስጌጠ። በ1917 አሜሪካ ከጀርመን ጋር ጦርነት ስትገባ አባባሎቹ በቀለም ተደፈኑ። በልዩ ልዩ ጊዜ ተነክተውና ተለውጠው ቆይተው በ1999 ሊቃውንት የተደራረበውን ቀለም ልጠው የመጀመሪያውን መልክ መለሱት። አንድ ሕዝብ በገዛ ምክር ቤቱ ግድግዳ ላይ የተጻፈ ቋንቋው በአንድ ጀንበር ጠላት ሊባል እንደሚችል እንደ እኔ ያለ ስደተኛ ሲያነብ የሚሰማው ነገር አለ።

ከዚህ የከበደው ታሪክ የአሌክሳንደር ራምዚ ነው። በጁላይ 27 ቀን 1898 የመሠረቱን ድንጋይ ያኖረው እርሱ ነው፤ ሚኒሶታ ገና ግዛት ሳትሆን የመጀመሪያው አስተዳዳሪ ስለነበር ክብሩ ለእርሱ ተሰጠ። ይኸው ሰው በ1851 ትራቨርስ ዴ ሱ በተባለ ቦታ የምድሩ ነባር ነዋሪ ከሆነው ከዳኮታ ሕዝብ ጋር በተደረገው ውል ላይ የመንግሥት ተደራዳሪ ነበር። በዚያ ውል ዳኮታዎች እጅግ ሰፊ መሬት ለቀቁ። በዕለቱ ሌላ ወረቀት ቀርቦላቸው እንዲፈርሙ ተደረገ፤ ያ ሁለተኛው ወረቀት ከሚከፈላቸው ገንዘብ ብዙውን ለነጋዴዎች ዕዳ አሳልፎ የሚሰጥ ነበር። በ1862 የተራቡት ዳኮታዎች ጦር ሲያነሡ ራምዚ የግዛቱ ገዥ ነበር። ከግዛቱ ወሰን ይጥፉ ወይም ለዘለዓለም ይባረሩ ብሎ በይፋ ጠየቀ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር 26 በማንካቶ ከተማ 38 የዳኮታ ሰዎች በአንድ ጊዜ ተሰቀሉ።

ሕንፃው ሲከፈት የአገረ ገዥው የእንግዳ መቀበያ አዳራሽ በትላልቅ ሥዕሎች ተሞላ። አንዱ ፍራንሲስ ሚሌት የሣለው የ1851ዱ ውል ነው፤ በሥዕሉ ላይ ሁሉም በሰላምና በክብር ይፈርማል፣ የሁለተኛው ወረቀት ነገር የለም። ሌላው የዳግላስ ቮልክ ሥራ ነው፤ በ1680 አባ ሄነፒን የተባለ መነኩሴ መስቀል ይዞ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ያለውን ፏፏቴ «ሲያገኝ» ያሳያል፣ በዙሪያው ዳኮታዎች ተቀምጠው ይሰሙታል፣ አንዲት ሴትም ደረቷን ተራቁታ ሸክም ተሸክማለች። መነኩሴው በዚያ ጊዜ የዳኮታዎች ምርኮኛ ነበር። ፏፏቴውም በቋንቋቸው ስም የነበረው፣ ልጆቻቸው ያደጉበት ቦታ ነው።

ከ100 ዓመት በላይ አገረ ገዥዎች መግለጫ የሚሰጡት፣ ሕግ የሚፈርሙትና የዳኮታ ልዑካንን ሳይቀር የሚቀበሉት በእነዚህ ሥዕሎች ፊት ነበር። ሕንፃው በታደሰ ጊዜ ረጅም የሕዝብ ውይይት ተደርጎ ሁለቱ ሥዕሎች ከአዳራሹ ወጡና በሦስተኛው ፎቅ ማብራሪያ ተጽፎላቸው ተሰቀሉ። ሊደበቁ ይገባል ያሉ ነበሩ፤ መነካት የለባቸውም ያሉም ነበሩ። እኔ የተደረገውን ትክክል ነው እላለሁ። ሥዕሉ ጠፍቶ ቢሆን ግዛቱ በ1905 ስለራሱ ምን ያምን እንደነበር ማየት ባልቻልን፤ በአገረ ገዥው ራስ በላይ ቢቀመጥ ደግሞ ዛሬም ያንኑ ያምናል ማለት ነበር። በግቢው የነበረው የኮሎምበስ ሐውልት እንዲህ ያለ ዕድል አላገኘም። ከ1931 ጀምሮ ቆሞ በጁን 10 ቀን 2020 በገመድ ተጎትቶ ወደቀ። የቀደመው የሐውልቱ ክርክር ለዓመታት ሲንከባለል ቆይቶ መልስ ሳያገኝ ስለቀረ ገመዱ ቀደመ።

የእድሳቱ ምክንያት ሥዕል ሳይሆን ያው የተጣላንበት ድንጋይ ነው። የጆርጂያ እምነ በረድ ጥራጥሬው ትላልቅ ነው። በሚኒሶታ ክረምት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ይደርሳል፣ በበጋ ፀሐዩ ያቃጥላል። ጥራጥሬዎቹ በየዓመቱ ሲለጠጡና ሲኮማተሩ መያያዛቸው ይላላል፤ በስንጥቁ የገባው ውኃ በረዶ ሆኖ ይገፋቸዋል። በመጨረሻ ድንጋዩ በእጅ ሲዳሰስ እንደ ስኳር ይፈረፈራል። ከዓምዶቹ ራስና ከጌጦቹ ቁርጥራጭ መውደቅ ሲጀምር ከ2013 እስከ 2017 የቆየ እድሳት ተደረገ፤ ወጪው 310 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ርብራብ ተሠርቶ ጠራቢዎች እንደገና ወጡ። የተጎዳውን ብቻ ቆርጠው በማውጣት በልኩ የተጠረበ አዲስ የጆርጂያ እምነ በረድ ይተክሉበት ነበር፤ አበባና ቅጠሉን በእጅ ቀረጹ። የ1897 አርበኞች ይህ ድንጋይ እንግዳ ነው ሲሉ በሌላ ምክንያት ነበር፤ የአየር ጠባዩ ግን ከእነርሱ ጋር ሳይስማማ አልቀረም።

በሕንፃው ዙሪያ ያለውም ምድር የራሱ ቁስል አለው። ጊልበርት ከደረጃው እስከ መሐል ከተማው የሚዘልቁ ሰፋፊ ጎዳናዎችን አስቦ ነበር። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የመጣው ግን አውራ መንገዱ ነው፤ ሕንፃውን ከመሐል ከተማው ለይቶ በመካከል አለፈ። ወደ ምዕራብ ሲቀጥል ሮንዶ የተባለውን የጥቁሮች ሠፈር ለሁለት ሰንጥቆ ከ600 በላይ ቤተሰቦችን አፈናቀለ። በ2015 የከተማዋ ከንቲባ በይፋ ይቅርታ ጠይቀዋል። ቡላርድን የመሳሰሉ ሰዎች ድንጋዩን ጠርበው ያቆሙት ቤት የልጅ ልጆቻቸው ሠፈር ሲፈርስ ከኮረብታው ላይ ሆኖ አይቷል።

ሆኖም ሰዉ ደረጃውን አልተወውም። በሚኒሶታ ብዙ ሺህ የአገራችን ልጆች ይኖራሉ። የአገር ቤት ወሬ ሲከፋ ባንዲራቸውንና የሟቾቻቸውን ፎቶግራፍ ይዘው የሚሰበሰቡት በእነዚያ የግራናይት ደረጃዎች ላይ ነው። በአንድ ቀን አንዱ ወገን፣ በሌላ ቀን ከእርሱ ጋር በፍጹም የማይስማማው ሌላው ወገን እዚያው ይቆማል። በ2020 በሚኒያፖሊስ ጆርጅ ፍሎይድ ከተገደለ በኋላ ሕንፃው ለአንድ ዓመት ያህል በአጥር ተከቦ ነበር። ያን ጊዜ ደረጃው ከአጥሩ ወዲያ ሲታይ ሕንፃው የማላውቀው ሆነብኝ።

እንግዲህ በሩን ምን እናድርገው? የሆርትማንን ሬሳ ሳጥን ያየ ሰው ፍተሻን በጭፍን ሊቃወም አይችልም። በቴክሳስ በጃንዋሪ 2010 አንድ ሰው በምክር ቤቱ ደረጃ ላይ ተኩስ ከፈተ፤ በዚያው ዓመት መፈተሻ ተተከለ፣ ሕዝቡም መግባቱን አላቆመም። መፈተሻ ቢቀመጥ ልቃወም አልፈልግም። የምጠይቀው የሚቀመጥበት ቦታ እንደ ድንጋዩ ምርጫ በሸንጎ እንዲመከርበት ነው። ደረጃውና የደቡቡ ትልቅ በር ለሕዝብ መግቢያነታቸው ይቆዩ፤ ማሽኑ ከበሩ ወዲህ ይሁን እንጂ ሰዉን ወደ ጓሮ አይላከው። ለደኅንነት ሲባል በሩ በጊዜያዊነት ከተዘጋ መልሶ የሚከፍተው ሰው እንደማይገኝ ከጊልበርት ከራሱ ሥራ እናውቃለን።

ጊልበርት ከሴይንት ፖል ወደ ኒው ዮርክ ሄዶ በ1913 በዓለም ረጅሙ የነበረውን የዎልዎርዝ ሕንፃ ሠራ። የመጨረሻው ትልቅ ሥራው በዋሽንግተን ያለው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው፤ በ1934 ስለሞተ ሲመረቅ አላየውም። እዚያም የሚኒሶታው ሐሳብ አለ፤ ነጭ እምነ በረድ፣ ሰፊ ደረጃ፣ በደረጃው ጫፍ ፍትሕ ፈላጊ የሚገባበት ትልቅ የነሐስ በር። በሜይ 2010 ያ በር ለደኅንነት ሲባል ለገቢዎች ተዘጋ። ዳኛ ስቲቨን ብሬየር ከዳኛ ሩት ባደር ጊንስበርግ ጋር ሆነው መቃወማቸውን በጽሑፍ አሰፈሩ፤ በሌላ አገር ዋና በሩን በሕዝብ ላይ የዘጋ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንደማያውቁ ገለጹ። በሩ ግን አልተከፈተም። ባለጉዳዩና ጎብኚው አሁን ከደረጃው ጎን ወዳለው የታች መግቢያ ይሄዳል። ጉዳዩን ጨርሶ ሲወጣ በነሐሱ በር አልፎ በትልቁ ደረጃ መውረድ ይፈቀድለታል።